ሸዋ ያልገባችው ሙሽራ

እኔ ሰሞኑን ሐረር፣ እናቴ ቤት ነበርኩ። የሄድኩት ጓደኛዬን ልሰናበት ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ያደግን ልጅ ናት። ዘንድሮ ቀለበት አስራለች፤ ሰርጉ እንዳለፈ ደግሞ ከእጮኛዋ ጋር ለወንጌል አገልግሎት ከሀገር ልትወጣ ነው። የት እንደሆነ ነግራኛለች፤ እንዳልጽፈው ግን አደራ ብላኛለች። ለዓመት ለሁለት ዓመት እንዳይመስላችሁ። "እዚያው ልንኖር ነው" ነው ያለችኝ።

የተቀጣጠርነው ሸዋ በር ነበር። (ሐረርን ለማታውቁ፦ የጀጎል ግንብ ካሉት አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ ነው። ሐረሪዎች አስመዲን በሪ ይሉታል። ወደ ሸዋ የሚወጣ ሰው የሚያልፍበት በር ነውና ስሙ ሥራውን ይናገራል። ከበሩ ውጭ ደግሞ ገበያው አለ።) ጓደኛዬ በርበሬና ሽሮ እህል በሁለት ፌስታል ተሸክማ መጣች። እናቷ ናቸው ያዘዟት። እሳቸው ልጃቸው የምትሄድበት አገር ሰው ምን እንደሚበላ ሲያስቡ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ("እሳቸው" ያልኩት ለእናንተ ስል ነው እንጂ ሐረር ላይ "አንቱ" ብሎ ነገር የለም፤ ፊት ለፊት "አንቺ" ነው የምላት፣ እሷም ካልኳት ሌላ ብላት ትቀየመኛለች።)

"አንቺ ታሪክ ታነቢ የለ?" አለችኝ ጓደኛዬ ፌስታሉን መሬት አስቀምጣ። "ድሮ እንደኛ ያለ እጮኛ ይዞ የሄደ ሰው የለም?"

አለ። ያውም ሊመጡ የፈለጉት ይሄ በር ወደሚያየው አገር ነበር።

ሰውየው ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1810 ደቡብ ጀርመን፣ ቩርተምበርግ ውስጥ የተወለደ፣ ስዊዘርላንድ ባዝል በሚገኘው የሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ፣ የእንግሊዞቹ የቤተ ክርስቲያን ሚሲዮን ማኅበር ቀጥሮ ወደ እኛ አገር የላከው ሰው ነው። መጀመሪያ የሄደው አድዋ ነበር፤ በ1838 ደጃዝማች ውቤ ከነባልደረቦቹ አባረሩት። እሱ ግን በታጁራ ዞሮ በ1839 አንኮበር፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ገባ። ወደ ሦስት ዓመት ግድም ተቀመጠ። ኦሮምኛ አጠና፣ ወንጌል ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀመረ፣ የግዕዝ መጻሕፍት ሰበሰበ። በ1841 የካፒቴን ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክት ሲመጣ ደግሞ አስተርጓሚም አማካሪም ሆነ። (በእኔ ግምት የኋላ ጣጣው እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው። ሰባኪ ከመንግሥት መልእክተኛ ጋር በአንድ ድንኳን ሲታይ ንጉሡ ምን ያስቡ?)

በዚህ መሀል ክራፍ አንድ ነገር ወሰነ። ላጤ ሚሲዮናዊ በዚህ አገር አይሳካለትም፣ ስለዚህ ማግባት አለብኝ አለ። ቃል በቃል ባይሆንም በኋላ በጻፈው የጉዞ መጽሐፉ ላይ የሚለው ይሄንኑ ነው። አሁን ስናነበው ፍቅር የሌለበት ይመስላል አይደል? ግን የጊዜው ወግ እንዲያ ነበር። የባዝል ሚሲዮን ሰዎቹን መጀመሪያ ላጤ አድርጎ ነበር የሚልካቸው፤ ቆይተው ማግባት ሲፈልጉ ለኮሚቴው ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ኮሚቴው ከፈቀደ ሙሽራ በመርከብ ተሳፍራ ትመጣለች። አንዳንዷ ባሏን የምታየው ወደብ ላይ ነው።

የክራፍ እጮኛ ሮዚና ዲትሪሽ የባዝል ልጅ ናት። ሊቀበላት በመጋቢት 1842 ከአንኮበር ተነሣ። በወሎ በኩል ሲያልፍ አዳራ ቢሌ የሚባል የአካባቢው ገዢ አስሮ ያለውን ሁሉ ገፈፈው። ባዶ እጁን፣ ሰው እየለመነ ምጽዋ ወጣ። በዚያው ዓመት እስክንድርያ ተጋቡ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለጓደኛዬ ስነግራት ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር።

ሙሽሮቹ ወደ ሸዋ ለመመለስ ታጁራ መጡ። መንገዱ ተዘግቷል ተባሉ፤ ንጉሡ እንዳይገባ አዘዋል። ዘይላን ሞከሩ፣ እሱም አልሆነም። ዘይላ ማለት እንግዲህ የሐረር ቅፍለት ይወርድባት የነበረች ወደብ ናት። በዚያን ጊዜ ከዘይላ ወደ ሐረር መውጣት ለክርስቲያን ፈረንጅ የማይታሰብ ነበር፤ ሪቻርድ በርተን ገብቶ አስር ቀን ተቀምጦ በሰላም የወጣው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በጥር 1855 ነው። የሐረር ነጋዴ ግን አንኮበር ሥር አልዩ አምባ ገበያ ድረስ ይመላለስ ነበር። ለነጋዴ የተከፈተው መንገድ ለሙሽሮቹ ዝግ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ በ1843 በምጽዋ በኩል ወደ ትግራይ ሞከሩ። ሮዚና ነፍሰ ጡር ናት። በሳሆዎች ምድር፣ በረሃ ውስጥ፣ ቀኗ ሳይደርስ ሴት ልጅ ተገላገለች። ሕፃኗ የኖረችው ለአጭር ጊዜ ነው። ክራፍ ክርስትና አነሣትና ስም አወጣላት። በጀርመንኛ አይደለም፣ በአማርኛ ነው፦ እንባ።

መንገድ ዳር ዛፍ ሥር ቀበሯት። መሪዎቹ ከዚያ በላይ አንጠብቅም ስላሉ አራሷ በሦስተኛው ቀን ተነሥታ ጉዞ ቀጠለች። ድካሙም ለምንም አልሆነ፤ ትግራይም አትገቡም ተባሉና ተመለሱ።

እኔ ይሄን መጀመሪያ ያነበብኩት ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ ለአንድ ወረቀት ማጣቀሻ ስፈልግ ነው። ስለ ክራፍ የሚጽፉ ሰዎች እዚህች ቦታ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋሉ፤ ከዚያ ወደ ሞምባሳ ይሻገራሉ፣ ምክንያቱም "ትልቁ ሥራ" ያለው እዚያ ነው። እኔ ግን ያቺ በሦስት ቀኗ የተነሣች አራስ ምን ላይ ተቀምጣ እንደሄደች ነው ሳስብ የነበረው። በቅሎ ይሆን? ግመል? እኛ አገር አራስ በሦስተኛ ቀኗ ገንፎ ይቀርብላታል፣ ከደጅ አትወጣም።

ሞምባሳውን ባጭሩ ልንገራችሁ። በኅዳር 1843 ከኤደን በጀልባ ተነሥተው በጥር 1844 ዛንዚባር ደረሱ፤ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ የይለፍ ደብዳቤ ሰጣቸውና ሞምባሳ ተቀመጡ። በሐምሌ ሮዚና ሁለተኛ ሴት ልጅ ወለደች። ወዲያው በንዳድ ተያዘች፤ ባልየውም ታሞ አልጋ ላይ ነበር። ሐምሌ 13 እሷ ሞተች፣ በሁለተኛው ቀን ሕፃኗ ተከተለች። ትዳራቸው ሁለት ዓመት አልሞላም። የተቀበረችው ከሞምባሳ ደሴት ማዶ፣ በየብሱ በኩል ነው። የምኞቷ መሆኑን ባልየው ጽፏል፤ አላፊ አግዳሚው መቃብሯን እያየ ለምን እንደመጡ እንዲያስታውስ። እሱ ደግሞ ለንደን ላሉት አለቆቹ፣ ይህ መቃብር ሥራችሁ በዚህ የአፍሪካ ዳርቻ መጀመሩን የሚያሳይ ምልክት ነው የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ጻፈላቸው። ደብዳቤው በሚሲዮን ዓለም ዝነኛ ነው። እውነቱን ልናገር፣ እኔን ያናድደኛል። ሚስትህ ከሞተች ገና ምን ያህል ሆነና ነው ምልክት የምትሆነው? ጓደኛዬ ግን አልተስማማችም። "እሱም እኮ የሚይዘው ነገር ፈልጎ ነው" አለች።

ክራፍ በ1855 ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ መጣ፤ ወጣቱን ማርቲን ፍላድን ይዞ። ፍላድ ኋላ ያገባት ጳውሊና ኬለር ኢየሩሳሌም ዲያቆናዊት የነበረች ናት። እሷ እንደ ሮዚና በመንገድ አልቀረችም፤ ገብታ ኖረች፣ ልጆች ወለደች፣ ከዚያ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያኑን ሲያስሩ አብራ ታሰረች። በ1866 ንጉሠ ነገሥቱ ባሏን ደብዳቤ አስይዘው ወደ እንግሊዝ ሲልኩት እሷና ልጆቹ መያዣ ሆነው ቀሩ። ተመልሶ ይመጣል አይመጣም? መጣ። ነፃ የወጡት በ1868 መቅደላ ስትወድቅ ነው።

ሐረርስ? ሐረር በግብፆች እጅ ሳለች፣ በ1881፣ የካቶሊክ ካፑቺን መነኮሳት ገብተው ሚሲዮን ከፈቱ። መነኮሳት ናቸውና የሙሽራ ጣጣ የለባቸውም። በኛ 1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን ደግሞ ምኒልክ ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ከተማዋን ያዙ። ምኒልክ ማለት የዚያ ክራፍን አላስገባም ያሉት ንጉሥ የልጅ ልጅ ናቸው። ሮዚና ልትደርስበት ያልቻለችው ሸዋ ራሱ ተነሥቶ እዚህ ድረስ መጣ።

ጓደኛዬ ሁሉን ሰምታ ስትጨርስ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ "እሷስ ምን አለች?"

የምናነበው የሱን መጽሐፍ ነው አልኳት። የመንገዱን፣ የንዳዱን፣ የእንባን ነገር ሁሉ የሚነግረን እሱ ነው፤ እሷ አንዲት ቃል ብትናገር እንኳ በሱ አፍ ነው። ዝም አለች። ከዚያ ፌስታሎቿን ተከፋፍለን ይዘን በሸዋ በር ገብተን ወደ ፈረስ መጋላ ወጣን። አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ገብቼ ጥቁር ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር ገዛሁላት። ለሰርግ ስጦታ ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ።

ማታ ቤታቸው ሄደን ሻንጣው ሲመዘን ሞልቶ ተገኘ። ጓደኛዬ ከሽሮው አንድ ኪሎ ቀነሰችና ደብተሩን በቦታው አደረገች። እናቷ ምንም አልተናገረችም። ልጅቷ ወደ ጓዳ ስትገባ ሽሮውን መልሳ ሻንጣው ውስጥ ከተተችው፤ ደብተሩን ግን አላወጣችም፣ ከላይ አስተካክላ አስቀመጠችው። እኔን አየችኝና "ዝም በይ" አለችኝ በዓይኗ።