የማርያ ቴሬዛ ጠገራ በጨርጨር ገበያ

በምሥራቅ ኢትዮጵያ የጨርጨር ገበሬ ቡናውንና ቆዳውን ሸጦ የሚቀበለው ጠገራ ብር ላይ የነበረው መልክ የአገሩ ንጉሥ ሳይሆን የኦስትሪያዋ ገዥ ማርያ ቴሬዛ ነበር። በብሩ ላይ የተጻፈው 1780 (እ.ኤ.አ.) ንግሥቲቱ የሞቱበት ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተቀረጸው ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ቀጥሏል።

የዚህ ገንዘብ ዘር የሚመዘዘው ከብር ማዕድን ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሽሊክ መኳንንት በቦሄሚያ ዮአኪምስታል ከሚቆፈረው ብር ከባድ ገንዘብ አስቀረጹ፤ ታለር የሚለው ስም የወጣው ከዚያ ቦታ ነው። በሐርዝ ተራሮች የብራውንሽቫይግ መሳፍንት ደግሞ የማዕድን ጉድጓዱንና ቆፋሪዎቹን በገንዘባቸው ላይ አስሳሉ፤ የሀብታቸው ምንጭ ይህ መሆኑን ለማሳየት ነበር። ወደ ኢትዮጵያ የዘለቀው ታለር ግን እንዲህ ያለ ሥዕል የለውም። በአንድ ገጹ የንግሥቲቱ መልክ፣ በሌላው ባለሁለት ራስ ንስር አለ።

ጠገራው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከመቶው 83 እጅ ንጹሕ ብር ነው። ተቀባዩ ግን ሚዛን አላስፈለገውም፤ የንግሥቲቱን የራስ ጌጥና የትከሻ ሉል በጣቱ ዳስሶ፣ ፊደሎቹን አይቶ ይቀበል ነበር። የለመደው መልክ ከጎደለ ወይም ከፈዘዘ አይወስድም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 በፓሪስ ያስቀረጹት፣ አንበሳ ያለበት ብር፣ በክብደትም በጥራትም ከዚህ ባያንስም ጠገራውን ሊተካ ያልቻለው በዚሁ ልማድ ነው። መተማመን በአዋጅ አይሰጥም፤ ይህ የኢትዮጵያ የገንዘብ ታሪክ ትልቁ ጉዳይ ነው።

ጠገራው ከዘይላና ከጅቡቲ ወደቦች በግመል ይገባ ነበር። አንድ ሺህ ብር 28 ኪሎ ስለሚከብድ ገንዘብ ራሱ ጭነት ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በኋላም ሚኤሶ ሲደርስ የጨርጨር ቡና ነጋዴ መንገድ አጠረ።

ኢጣሊያም የጠገራውን ኃይል አውቃ እ.ኤ.አ. በ1935 የቅርጹን ማተሚያ ከኦስትሪያ ወስዳ በሮም ታስቀርጽ ጀመር፤ በወረራው ዘመን ግን ሕዝቡ ሊሬውን ሸሽቶ ጠገራውን ደበቀ። እ.ኤ.አ. በ1945 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በወረቀት ሲወጣ፣ ከብር የተሠራ የ50 ሳንቲም ገንዘብ አብሮ የወጣው ይህን የተደበቀ ሀብት ለመሳብ ነበር። ከተደበቀውም ብዙው ወደ አንጥረኛ ሄደ፤ ቀልጦ አምባርና የአንገት ጌጥ ሆነ።