ሳንሱርና ረሃብ፦ የ1966 እና የ1977 ዓ.ም. ትምህርት

የመናገር ነጻነት ገደብ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከጋዜጠኞችና ከፖለቲከኞች መብት ጋር ተያይዞ ነው። ጉዳቱ ግን ጋዜጣ አንብቦ የማያውቀውን ገበሬም ይደርሰዋል። በኢትዮጵያ ታሪክ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሱት ረሃቦች ለዚህ ምስክር ናቸው።

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጋዜጦችና መጻሕፍት ከመታተማቸው በፊት በመንግሥት ይመረመሩ ነበር። ወሎ በድርቅ ስትጎዳ የዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች በፎቶግራፍ የተደገፈ ማስረጃ ይዘው እልቂቱን ለማሳወቅ ሞከሩ። ጉዳዩ በዓለም ዙሪያ የተሰማው ግን እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ዘጋቢ ፊልም በጥቅምት 1966 ከተሰራጨ በኋላ ነው። ፊልሙ ከቤተ መንግሥት የድግስ ምስሎች ጋር ተቀናብሮ ለኢትዮጵያውያን በቴሌቪዥን የታየው ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ነበር።

ደርግ በረሃቡ የቀድሞውን መንግሥት ቢወቅስም ሳንሱሩን አላነሣም። በ1975 የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በቀጣዩ ዓመት ደብዛው ጠፋ። በ1976 የመንግሥቱ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ለለጋሾች የድረሱልን ጥሪ ቢያሰማም፣ መስከረም 1977 የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ሲከበር የሀገር ውስጥ መገናኛ ብዙኃን ስለ ረሃቡ በግልጽ እንዲናገሩ አልተፈቀደም። በድርቅና በጦርነት የተጎዳው የሰሜኑ ሕዝብ ሥቃይ የዓለም መነጋገሪያ የሆነው ጥቅምት 13 ቀን የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያጠናቀረው ዘገባ ሲተላለፍ ነው።

የኖቤል ተሸላሚው የምጣኔ ሀብት ምሁር አማርትያ ሴን፣ ነጻ ፕሬስ ባለበት ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ከባድ ረሃብ አይደርስም ሲሉ ይከራከራሉ። ነጻ ጋዜጣ አደጋውን አስቀድሞ ያሳውቃል፤ በሕዝብ ድምፅ የሚመረጥ ባለሥልጣንም ወቀሳውን ፈርቶ ፈጥኖ ይንቀሳቀሳል። አፈና ባለበት ግን የበታች ሹም ለአለቃው የሚያቀርበው እውነቱን ሳይሆን ደስ የሚያሰኘውን ነው። በዚህም ገዢው ራሱ መረጃ ያጣል።

የአፈናው ሌላ ጉዳት በአስተሳሰብ ላይ የሚያሳድረው ጫና ነው። ጸሐፊው መርማሪው ሳይጠይቀው ቃሉን ይሰርዛል፤ መምህሩ ጥያቄውን ይተዋል፤ ተማሪውም መጠየቅን ሳይለምድ ያድጋል። ይህ በገዛ ራስ ላይ የሚደረግ ሳንሱር ነው።

በኢትዮጵያ ቅድመ ምርመራ በ1985 የፕሬስ ሕግ ተሽሯል፤ በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ከልክሎታል። ይሁን እንጂ ጋዜጠኞች በጽሑፋቸው ምክንያት የታሰሩባቸው ዓመታት ከዚያም ወዲህ ብዙ ናቸው። እስሩን የሚፈራ ጸሐፊ ሕጉ የሰጠውን ነጻነት ሊጠቀምበት አይችልም፤ ያልተጻፈው ዘገባም ቀጣዩን አደጋ ቀድሞ ሊያሳውቅ የሚችለው ሊሆን ይችላል።