ፍጻሜ ጨዋታ ያልነበረው ዋንጫ

ጎልፍ ወዳዶች እርስ በርስ የሚጋጩ ሁለት እምነቶችን ይዘው ይኖራሉ። በአንድ በኩል፣ አሸናፊው በምት ብዛት በሚለይበት ውድድር ሐሙስ ጠዋት የባከነች ምት እሁድ አመሻሽ ላይ ከባከነችው እኩል ትቆጠራለች። በሌላ በኩል፣ ወሬው ሁሉ ስለ መጨረሻዎቹ ጉድጓዶች ነው፤ የስኮትላንዱ ሴንት አንድሩስ 17ኛ ጉድጓድ ስሙ የገነነው ብዙ መሪዎችን በመጨረሻው ሰዓት ስላስለቀሰ ነው። የ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫም በዚሁ ዓይነት ተዛብቶ ነው የሚታወሰው። የሚወራው አዲስ አበባ ላይ ስለተዘጋበት ቀን ነው። የኔ ክርክር ግን ድሬዳዋ የዚያ ዋንጫ መግቢያ በር ብቻ አልነበረችም የሚል ነው።

ኢትዮጵያ በ1960 ዓ.ም. ውድድሩን ስታስተናግድ የአዲስ አበባ አጋር አስመራ ነበረች። ከስምንት ዓመት በኋላ አስመራ ጦርነት ውስጥ ስለነበረች ሁለተኛው ምድብ ወደ ድሬዳዋ ወረደ። «ታዲያ ምትክ ነበረች እንጂ ተመርጣ አይደለም» የሚል ይኖራል። ይሁን፤ ግን ኳስ የማያውቅ ከተማ አልነበረችም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. የወለዳት ይህች ከተማ በ1950ዎቹ ውስጥ የጥጥ ፋብሪካዋ ቡድን ከአንድ ጊዜ በላይ የኢትዮጵያን ሻምፒዮንነት ያስገባላት ናት። ምድቡም ተራ አልነበረም፦ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና የዋንጫው ባለቤት ዛየር። ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ምዕራብ ጀርመን ድረስ ሄዳ ለዓለም ዋንጫ የተሰለፈችው ዛየር የካቲት 22 ቀን በናይጄሪያ 4 ለ 2 ተሸነፈች፤ ከዚያም በሞሮኮ 1 ለ 0 ተረትታ ከሱዳን ጋር 1 ለ 1 ወጣች። በአንድ ነጥብ ተሰናበተች ማለት ነው። የአፍሪካ ሻምፒዮን ዘውዱን ያወለቀው ድሬዳዋ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ላይ የኛው ቡድን ዩጋንዳን 2 ለ 0 አሸንፎ፣ በጊኒ 2 ለ 1 ተሸንፎ፣ ከግብፅ ጋር 1 ለ 1 ተለያይቶ ከምድቡ ወደቀ። ያለፉት አራቱ፣ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ጊኒና ግብፅ፣ ግማሽ ፍጻሜም ፍጻሜም ሳይኖር እዚያው ሁሉም ከሁሉም ጋር ተጋጠሙ። ጊኒና ግብፅ ከ2,300 ሜትር በላይ ያለውን ቀጭን አየር ሰንብተው ለምደውታል። ሞሮኮና ናይጄሪያ ግን ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ከምትለው ድሬዳዋ ገና መውጣታቸው ነው። ብልጫው ለአዲስ አበባዎቹ ይመስል ነበር። የሆነው ሌላ ነው፤ ሞሮኮ ግብፅን 2 ለ 1፣ ናይጄሪያ ግብፅን 3 ለ 2 አሸነፉ፤ ሁለቱም ከጊኒ ጋር 1 ለ 1 ወጡ። ከድሬዳዋ የመጡት ከአዲስ አበባዎቹ ጋር ባደረጉት አራት ጨዋታ አንድም አልተሸነፉም።

አራት ጨዋታ ጥቂት ነው መባሉ ልክ ነው፤ ቆላ ጉልበት ይሰጣል ለማለትም አልደፍርም። ዕጣው ጠንካሮቹን ወደ አንድ ወገን ጥሏቸው ይሆናል። ለኔ ያ ክርክሩን አያዳክመውም፤ ጠንካሮቹ እርስ በርስ የተለያዩት እዚያ ነውና። ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ የምድቡ ነጥብ አልተሸጋገረም፣ ሁሉም ከዜሮ ጀመረ፣ ስለዚህ የድሬዳዋው ውጤት ተሰርዟል። እስቲ በጎልፍ ሒሳብ፣ ከመጀመሪያው እንቁጠረው። ለድል ሁለት ነጥብ በሚሰጥበት በዚያ ዘመን ሞሮኮ ከድሬዳዋ፣ ጊኒም ከአዲስ አበባ አምስት አምስት ይዘው ነው የወጡት። ስለዚህ ቢሸጋገርም ባይሸጋገርም ከመጨረሻው ጨዋታ በፊት ሞሮኮ በአንድ ነጥብ ብቻ ትመራ ነበር፤ አቻ ይበቃታል፣ ጊኒ ግን ማሸነፍ አለባት።

መጋቢት 5 ቀን 1968 ዓ.ም. ሼሪፍ ሱለይማን በ33ኛው ደቂቃ ለጊኒ አገባ። ዋንጫው ከሃምሳ ደቂቃ በላይ የኮናክሪ ሆኖ ቆየ። በ86ኛው ደቂቃ ባባ የሚሉት ሞሮኳዊ ከሩቅ አክርሮ መታ፣ ኳሷም መረብ ውስጥ ገባች። 1 ለ 1። ሞሮኮ የመጀመሪያ ዋንጫዋን ወሰደች። ቀጣዩ ውድድር ጋና ላይ ሲካሄድ ፍጻሜ ጨዋታ ተመለሰ።