ጠረጴዛውና ተመጋቢዎቹ

ታሪክ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ዙፋንና የጦር ሜዳ ነው። ሰው ግን ዕድሜውን በሙሉ ሲዋጋ አይኖርም፤ ሲመሽ ከማዕድ ዙሪያ ይቀመጣል። እኛም ዛሬ ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል ወጣ ብለን አንድ የጀርመን ምግብ ቤት እንግባ። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የምንገባበት ቤት «ጋስትሃውስ» ይባላል፤ በደቡብ፣ በባቫሪያ፣ «ቪርትስሃውስ» ይሉታል። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው በጣውላ የተለበጠ ነው። ጥግ ላይ ትልቅ የሸክላ ምድጃ አለ። ውጭው በረዶ ቢሆን እንኳ ውስጡ ሙቅ ነው። ጠረጴዛው ረጅም ስለሆነ «ለብቻዬ ልቀመጥ» ማለት ብዙ አይሠራም፤ «ሰው አለው ወይ?» ብሎ ከማያውቁት ሰው አጠገብ መቀመጥ ነውር የለበትም። አንዱ ጠረጴዛ ግን «ሽታምቲሽ» ነው። የዘወትር ደንበኞች ቦታ ስለሆነ እንግዳ ዘው ብሎ አይቀመጥበትም።

የሚቀርበው ምን ይሆን? የተጠበሰ የአሳማ ቅልጥም፣ በጨው ተይዞ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን፣ ከድንች ወይም ከደረቅ ዳቦ የተድቦለቦለ «ክኖደል»። ይህ ሁሉ የቅንጦት ምግብ እንዳይመስለን። ጎመኑን ያኮመጠጠው ብርዱ ነው፤ በበረዶው ወራት አትክልት ስለማይበቅል ተቀምጦ የሚቆይ ነገር መፈለግ ግድ ነበር። ደረቁን ዳቦ ያድቦለቦለው ደግሞ የደሀ ቤት ቁጠባ ነው።

ድንቹም ቢሆን የጀርመን ተወላጅ አይደለም፤ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንግዳ ነው። የፕሩሲያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሪድሪክ በ1756 ሹማምንቱ ገበሬውን ድንች እንዲያስተክሉት ትእዛዝ አወጣ። ረሃብን መከላከያ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ ይኸው ድንች ወደ እኛም አገር ዘለቀ። በትግራይ ይኖር የነበረው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር በ1858 ገደማ ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው ይነገራል። እንግዲህ በጾም ቀን የምንበላው የድንች ወጥና በዚያ ጠረጴዛ ላይ ያለው የድንች ሰላጣ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው።

ወደ መጠጡ እንሂድ። በ1516 የባቫሪያ መሳፍንት ቢራ ከገብስ፣ ከጌሾ መሰል ተክልና ከውሃ በቀር ምንም እንዳይገባበት ደነገጉ። አዋጁ ዋጋንም ይወስን ነበር። ስንዴው ለዳቦ እንዲቀር መፈለጉ ከምክንያቶቹ አንዱ እንደነበረ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በ1812 ደግሞ የሙኒክ ጠማቂዎች በጓሯቸው፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ቢራ እንዲሸጡ ተፈቀደላቸው። ከዳቦ በቀር ምግብ መሸጥ ግን ተከለከሉ። ታዲያ ሕዝቡ ምን አደረገ? ምግቡን በቅርጫት ይዞ መጣ። በባቫሪያ የቢራ አትክልት ቦታዎች ዛሬም ምግብ ይዞ መግባት ያልቀረው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው። በግንቦት 1844 የቢራ ዋጋ ሲጨምር ደግሞ የሙኒክ ሠራተኞች በቁጣ ተነሡ፤ ወታደሩም ሊበትናቸው አመነታ፤ ንጉሡ ቀዳማዊ ሉድቪግ ዋጋውን ለመቀነስ ተገደደ።

ተማሪዎቹስ የት ነበሩ? እዚያው ነበሩ እንጂ! በላይፕዚግ የሚገኘው አወርባኽስ ኬለር የተባለው ምድር ቤት በ1525 ሲከፈት ባለቤቱ ሐኪምና የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ከ1765 እስከ 1768 በዚያች ከተማ የተማረው ጎተም ቤቱን ስለሚያውቀው በኋላ «ፋውስት» ውስጥ አስገብቶታል። ካርል ማርክስም በቦን ተማሪ ሳለ፣ በ1836፣ ሰክሮ ሌሊት ረብሻ ፈጥሯል ተብሎ አንድ ቀን በዩኒቨርሲቲው እስር ቤት ታስሯል። አዎ፣ በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የራሱ እስር ቤት ነበረው!

ከ1878 እስከ 1890 የሶሻሊስት ማኅበራት በሕግ ሲታገዱ ሠራተኛው አዳራሽ አጣ። የቀረው መጠጥ ቤት ብቻ ነበር። በመዘምራን ማኅበር ስም፣ በማጨሻ ክበብ ስም እየተሰበሰበ መከረ። ካርል ካውትስኪ በ1891 መጠጥ ቤትን የሠራተኛው ነፃነት ምሽግ አድርጎ መጻፉ ያለ ምክንያት አልነበረም።

እስከዚህ ድረስ ጠረጴዛው የሕዝብ ወዳጅ ይመስላል። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለን፤ ግን አላለቀም። በ1589 ተመሥርቶ በ1828 ለሕዝብ በተከፈተው በሙኒኩ ሆፍብሮይሃውስ ውስጥ የካቲት 24 ቀን 1920 ሁለት ሺህ ያህል ሰው ተሰብስቦ ሳለ ሂትለር የፓርቲውን ሃያ አምስት ነጥቦች አነበበ። ኅዳር 8 ቀን 1923 ደግሞ በቡርገርብሮይኬለር ሽጉጡን ወደ ጣሪያው ተኩሶ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራውን ጀመረ። ያው ረጅም ጠረጴዛ፣ ያው ቢራ ነው። «ጠላትህ አጠገብህ የሚኖረው አይሁዳዊ ነው» የተባለውም እዚያው ላይ ነው፤ ጥቂት የማይባለው ተመጋቢም አጨበጨበ።

በ1939 ግን እዚያው ቤት አንድ ሰው ብቻውን እራት ይበላ ነበር። ጌኦርግ ኤልዘር የሚባል አናጺ ነው። ርካሹን ምግብ አዝዞ ከበላ በኋላ ይደበቃል፤ ቤቱ ሲዘጋ ብቅ ይልና ሂትለር በየዓመቱ ንግግር ከሚያደርግበት መድረክ ኋላ ያለውን ዓምድ ይቦረቡራል። ከሠላሳ በላይ ሌሊት እንዲህ ሠራ። ኅዳር 8 ቀን ቦምቡ በሰዓቱ ፈነዳ። ሂትለር ግን ከአሥራ ሦስት ደቂቃ በፊት ወጥቶ ሄዷል። ስምንት ሰው ሞተ፤ አንዷ የዚያ ቤት አስተናጋጅ ነበረች። ኤልዘርም በዳኻው ሚያዝያ 9 ቀን 1945፣ ጦርነቱ ሊያበቃ አንድ ወር ሲቀረው፣ ተገደለ። ቤቱ በ1979 ፈረሰ።

እኛን ያስጨነቀን ያቺ አስተናጋጅ ናት። ያጨበጨበችም፣ ዓምድ የቦረቦረችም አይደለችም፤ ብርጭቆ ስታመላልስ ዋለች፣ ሞተች። በ1920 ያ ሁሉ ሰው ባያጨበጭብ ኖሮ አናጺው ቦምብ ባላስፈለገው፣ እሷም ሥራዋን ጨርሳ ቤቷ በገባች ነበር።

ስለዚህ ምግብ ቤቱን አናመስግን፣ አንርገምም። ጠረጴዛ እንጨት ነው። ሠራተኛው መከረበት፣ አምባገነኑም ጮኸበት። የሚለየው ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው ነው። እኛም በየማታው በካፍቴሪያው ጠረጴዛ ዙሪያ እንቀመጣለን፤ ሻይ እንጠጣለን፣ እናወራለን፣ እንስቃለን። አንዱ ተነሥቶ አጠገባችን ባለው ሰው ላይ ጣቱን ሲቀስር ምን እናደርግ ይሆን? መልሱን ከወዲሁ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ፣ ብናስብበት ይሻላል።