ኢሜይልና እልፍኝ አስከልካዩ

እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2003 የብሪታንያ የታችኛው ምክር ቤት አባላት አንድ እንግዳ ነገር ገጠማቸው። ፓርላማው የወሲብ ወንጀሎችን በሚመለከት ረቂቅ ሕግ ላይ እየተወያየ ሳለ፣ ይህንኑ ረቂቅ የሚጠቅሱ ኢሜይሎች ለእንደራሴዎቹ አይደርሱም ነበር። አዲስ የተተከለው የአይፈለጌ መልእክት ማጣሪያ የሕጉን ስም እንደ ብልግና ቆጥሮ ያግዳቸው ኖሯል። የሊበራል ዴሞክራቶች ፓርቲ ስለ ሳንሱር ያዘጋጀውን የምክክር ሰነድ የሚመለከቱ አንዳንድ መልእክቶችም ታገዱ፤ አንባቢ ልብ ይበል፣ ስለ ሳንሱር! በዌልስ ቋንቋ የተጻፉት ደግሞ ሌላ ጥፋት አልነበረባቸውም፤ ማጣሪያው ቋንቋቸውን ስላላወቀው ብቻ ከበር ተመለሱ።

ሕዝብ ለወኪሉ የሚጽፍበትን በር እንዲህ ያለ ዘበኛ እንዲጠብቀው ያደረገው ምንድን ነው? በግንቦት 1978 የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ጌሪ ተርክ፣ አርፓኔት በተባለው የአሜሪካ መከላከያ የኮምፒውተር መረብ ላይ ለ400 ያህል ሰዎች የኮምፒውተር ሽያጭ ማስታወቂያ ላከ። የመረቡ ተጠቃሚ ጥቂት ነበርና ቁጣና ተግሣጽ በቃው። በሚያዝያ 1994 ግን ሁለት የአሪዞና ጠበቆች ዩዝኔት የተባሉትን የውይይት ሰሌዳዎች በሺህ በሚቆጠር ማስታወቂያ አጥለቀለቋቸው። የሚሸጡትም ለእኛ ሰው ባዕድ ያልሆነውን የግሪን ካርድ ሎተሪ፣ ማለትም ዲቪ የመሙላት አገልግሎት ነበር። ከዚያ በኋላ ተግሣጽ የሚፈራ አልተገኘም። ቢል ጌትስ በጥር 2004 በዳቮስ ተገኝተው ችግሩ በሁለት ዓመት ውስጥ መፍትሔ እንደሚያገኝ መናገራቸውን ዛሬ የሚያስታውስ ፈገግ ይላል።

የመጀመሪያዎቹ ማጣሪያዎች የተከለከሉ ቃላትን ዝርዝር ይዘው የሚቆሙ ነበሩ። በነሐሴ 2002 ፖል ግራሃም ባሳተመው ጽሑፍ የተሻለ መንገድ አሳየ፦ ማጣሪያው ሰውየው ከተቀበላቸው ደብዳቤዎችና ከጣላቸው ቆሻሻዎች እየተማረ፣ እያንዳንዱ ቃል ለየትኛው ወገን እንደሚያደላ ያሰላል። ለአንድ ሰው የመልእክት ሣጥን ይህ ግሩም ዘዴ ነው። ሺህ ሠራተኞች ባሉት መሥሪያ ቤት ግን ብዙ ጊዜ ማጣሪያው አንድ፣ ተቀባዩ ብዙ ነው። ለሒሳብ ሹሙ ቆሻሻ የሆነው የመድኃኒት ስም ለሐኪሙ የዕለት ሥራው ነው፤ ለሌላው ብልግና የሆነው ቃል ለሕግ አውጪው የረቂቁ ርዕስ ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን የሚዛኑ መዛባት ይመስለኛል። አንድ የማጭበርበሪያ መልእክት ሾልኮ ከገባ የኮምፒውተር ክፍሉ ስልክ ወዲያው ይጮኻል፤ ያለ አግባብ የታገደ ደብዳቤ ግን አቤት የሚልለት የለም፤ ተቀባዩ መላኩን፣ ላኪውም መታገዱን አያውቁምና። ለላኪው እንዳያሳውቁት ደግሞ አጭበርባሪዎች የሌላ ሰው አድራሻ አስመስለው ስለሚልኩ፣ የማስታወቂያው ናዳ ምንም ባላደረገ ሰው ላይ ይወርዳል። በነገሥታቱ ዘመን ደጅ የሚጠና ባለጉዳይ እልፍኝ አስከልካዩ ቢመልሰው፣ ቢያንስ መመለሱን ያውቅ ነበር፤ ነገ በሌላ አማላጅ ይመጣል።

የዌልሶቹ ነገር እኔን የሚነካኝ ያለ ምክንያት አይደለም። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያም በኋላ ለዓመታት በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ባዶ ሣጥኖች ሆኖ ይታይ ነበር። በሰፊው ከሚሠራባቸው ማጣሪያዎች አንዳንዶቹም አስተዳዳሪው ያልመረጠው ቋንቋ ወይም ፊደል ሲመጣ የጥርጣሬ ነጥብ እንዲጨምሩ ሊታዘዙ ይችላሉ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአንድ ተማሪዬ ወደ ባሕር ማዶ ዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ደብዳቤ ልኬ ነበር። የማመልከቻው ጊዜ ካለፈ ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ ደውሎ «ጋሼ፣ ደብዳቤው አልደረሰም ብለውኛል» አለኝ። ብጽፍ ብጽፍ መልስ ስላጣሁ በስልክ ጠየቅኋቸው፤ አንዲት ትሑት ጸሐፊ ፈልጋ አገኘችው፤ ተከታትዬ የጻፍኋቸው ሁለት ማስታወሻዎችም እዚያው የአይፈለጌ መልእክት ማኅደር ውስጥ፣ ከሎተሪ ደርሶዎታል ባዮች መካከል ተቀምጠው ነበር። ለምን እንደታገዱ የሚነግረኝ ግን አላገኘሁም።