ሽቅብ የወጣ አቤቱታ፣ ቁልቁል የወረደ እንደራሴ

መካኒሳ በኦሮምኛ የብሳና ዛፍ መጠሪያ ነው። ዛሬ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ውስጥ የታቀፈው፣ ቀለበት መንገድ የሚያልፍበት ይህ ሰፈር በአባቶቻችን ዘመን ከከተማው ዳር የነበረ፣ ትንሹ አቃቂ እየተጠማዘዘ የሚያቋርጠው የእርሻና የግጦሽ ስፍራ ነበር። በዚያን ዘመን ከዚህ ሰፈር በደል የደረሰበት ሰው ጉዳዩን ለመንግሥት ለማሰማት ሲሻ ሽቅብ ወደ ጊቢ መውጣት ነበረበት። ጎሕ ሳይቀድ ከበሩ ደርሶ፣ ጋቢውን አደግድጎ፣ ዛሬ ያልተሰማውን ነገ ይሰማልኛል እያለ ደጅ ይጠናል፤ የዙፋን ችሎት ሲደርስለት «አቤት!» ብሎ ይጮኻል፤ ካልሆነለትም ንጉሠ ነገሥቱ በሚያልፉበት ጎዳና ዳር ቆሞ፣ መኪናው ሲቃረብ ማመልከቻውን በሁለት እጁ ዘርግቶ እጅ ይነሣል። ሕዝብ ወደ መንግሥት ይሄዳል እንጂ መንግሥት ወደ ሕዝብ ቢመጣ ለግብር ወይም ለዘመቻ ካልሆነ በቀር «ምን ጎደለብህ?» ብሎ ለመጠየቅ ሲመጣ እምብዛም አልታየም።

ይህን የመንገዱን አቅጣጫ ለመለወጥ የታሰበው ሥራ «እንደራሴ» በሚባል ቃል ተሰየመ፤ ቃሉ ራሱ ግን ከሕዝብ ዘንድ የተወለደ አልነበረም። እንደ ራሴ ሁነህ ሥራልኝ ብሎ ሰው የሚሾመው በመጀመሪያ ዘውዱ ነበርና፣ ራስ ተፈሪ በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ ተባሉ፤ በ1945 ዓ.ም. ቢትወደድ አንዳርጋቸው መሳይ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ተብለው ወደ ኤርትራ ሄዱ። «ራሴ» ብሎ የሚናገረው እንግዲህ ንጉሡ ነበረ። ያው ቃል «የሕዝብ እንደራሴ» ተብሎ ሲነገር ግን ባለቤቱ ተለወጠ፤ «ራሴ» የሚለው ሻጩ፣ ገበሬው፣ ሸማኔው ሆነ። በቋንቋችን ታሪክ ውስጥ ከዚህ የከበረ የባለቤት ለውጥ ማግኘት አዳጋች ይመስለኛል።

ቃሉ የተለወጠውን ያህል ሥራው ቶሎ አልተለወጠም። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የቆመው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት፣ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባሎችን መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡ አዘዘ፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ እንደራሴዎች ወደ መረጣቸው ሰው ቢመለሱ የሚያገኙት ሹምን እንጂ ሕዝብን አልነበረም። ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዕድሜው 21 ዓመት ለሞላ ኢትዮጵያዊ፣ ወንድም ሴትም ሳይለይ፣ እንደራሴውን ራሱ የመምረጥ መብት ሰጠው። አገሩ 200,000 ያህል ሰው በሚኖርባቸው ወረዳዎች ተከፍሎ እያንዳንዱ ወረዳ ሁለት ሁለት እንደራሴ እንዲልክ፣ ከ30,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማም ለብቻው እንደራሴ እንዲኖረው ተወሰነ፤ የእንደራሴው የሥራ ዘመንም አራት ዓመት ሆነ።

ይኸው ሕግ ተመራጩ በሚወክለው ወረዳ የሚኖርና በዚያው ንብረት ያለው እንዲሆን አስገደደ። የፊተኛው ግዴታ መልካም ነበረ፤ ሰው ያልኖረበትን ሰፈር ጭቃና ጥማት አያውቅምና። የኋለኛው ግን ንብረት የሌለውን ጭሰኛ ድምፅ እንዲሰጥ ብቻ ፈቅዶ እንዳይመረጥ ከለከለው፤ በመሬት ነገር አብዝቶ የሚጮኸው ሰው ስለ መሬት በሚመክረው ሸንጎ ወንበር አጣ። በዚያ ሕግ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይህ ነው።

ሆኖም በ1950 ዓ.ም. መግቢያ የተደረገው ምርጫ ባዶ አልነበረም። የፖለቲካ ማኅበር በሌለበት ዘመን ተመራጩ በስሙና በጎረቤቶቹ ምስክርነት ብቻ የሚቀርብ ስለነበረ፣ ለ210 ወንበሮች የተደረገው ውድድር ብዙ አዳዲስ ሰዎችን አመጣ። ከእነርሱ መካከል በጠላት ዘመን በኢጣልያ ደሴት በአዚናራ ታስረው የተመለሱት፣ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትንም የመሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነበሩ፤ በኋላም የዚያው ምክር ቤት ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ። ስለ ሕዝብ የሚናገር ሰው ከሕዝቡ ጋር የተፈተነ መሆን እንዳለበት የሚጠይቅ ቢኖር እኒህን ሴት እጠቁመዋለሁ።

በመስከረም 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ሲወርዱ ፓርላማውም አብሮ ተዘጋ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለት ቀበሌው፣ ተቋቋመና የመካኒሳ ሰው አቤቱታ ከሩቅ ጊቢ ወደ ቅርብ ጽሕፈት ቤት ዞረ። ከዓመታት በኋላ 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ቢሰየምም፣ የሰፈሩ ሰው በየዕለቱ የሚያንኳኳው የቀበሌውን በር ነበረ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል የመላው ሕዝብ ተወካይ መሆኑን ደንግጎ፣ ተገዥነቱን ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናው አደረገ፤ የመራጩን አመኔታ ያጣ ተወካይም ከወንበሩ ሊነሣ እንደሚችል ጻፈ። የምክር ቤቱ የሥራ ዘመን ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ሲሆን በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለ። ተወካዩ ወደ መራጩ የሚሄደው በእነዚህ የዕረፍት ጊዜያት ነውና፣ በሕዝቡ አፍ «ተወካያችን ወረዱ» ይባላል። ከአራት ኪሎ መካኒሳ መድረስ በእግር ለሄደ በእርግጥም ቁልቁለት ነው፤ አያቶቻችን በስንቅ የወጡበትን ዳገት ዛሬ ተወካይ በማስታወሻ ደብተር ይወርደዋል።

በዚህ ሰፈር የሚደረግ ስብሰባ የራሱ ጠባይ አለው። ሽማግሌ ተነሥቶ ይመርቃል፤ ከዚያ በኋላ ጉዳዩ ይዘረገፋል፤ የይዞታ ካርታ፣ የመብራት መቋረጥ፣ የውሃ ፈረቃ፣ ያልተነጠፈ መንገድ። ከወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙት ገበሬዎች ከላይ ከከተማው ፍሳሽ እየተቀበለ የሚመጣውን ውሃ ያነሣሉ፤ የእነርሱ ነገር ከሁሉ ይልቅ ልቤን ይነካኛል፤ የሚያጠጡት ውሃ የከተማው ሁሉ እዳ ሲሆን የሚወቀሰው አትክልታቸው ብቻ ነውና። መካኒሳ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር ስለሆነ፣ በእጅ የሚያስተረጉም ሰው በመድረኩ ካልቆመ ስብሰባው ሕዝቡን ሁሉ ሰማ ለማለት አልደፍርም።

ሰው ሁሉ «የተከበሩ» እያለ ሲናገር፣ ከኋላ ረድፍ አንዲት አሮጊት «ልጄ» ብለው ይጀምራሉ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈትተው አራት ዕጥፍ የሆነ፣ መታጠፊያው የተላጠ ወረቀት ያወጣሉ፤ ማኅተሙ ደብዝዟል፤ ሆኖም የማኅተሙን ዓመት በቃላቸው ይናገራሉ። ተወካዩም ከወንበራቸው ተነሥተው፣ ጎንበስ ብለው ቁጥሩን አንድ ባንድ ወደ ደብተራቸው ይገለብጣሉ፤ አሮጊቷ የመጨረሻው አኃዝ መጻፉን በዓይናቸው ካረጋገጡ በኋላ ወረቀቱን እንደ ቀድሞው አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ይቋጥሩታል።