በበዓል ሰሞን የሚመጡ ከባድ ስሜቶችን መቋቋም

በዓል ሲቃረብ ሁሉም ሰው ደስ ሊለው የሚገባ ይመስላል። ለብዙዎች ግን እንቁጣጣሽ፣ ገና፣ ፋሲካ ወይም ዒድ ሐዘን፣ ጭንቀት፣ ንዴት ወይም ብቸኝነት የሚበረታበት ጊዜ ነው። እርስዎም እንዲህ ከተሰማዎት ደካማ ወይም ምስጋና ቢስ ስለሆኑ አይደለም። ይህ ጽሑፍ የስሜቶቹን ምክንያቶች፣ በቤት ውስጥ ምን ማድረግ እንደሚቻልና የባለሙያ እርዳታ መቼ እንደሚያስፈልግ ይገልጻል።

ስሜቱ በበዓል ለምን ይባባሳል?

• ሐዘን፦ አርባውና ሰማንያው ካለፈ በኋላ ጠያቂ ይቀንሳል። ሟች የሌለበት የመጀመሪያ በዓል ሲመጣ ግን ሐዘኑ እንደ አዲስ ሊያገረሽ ይችላል።

• ከሰፈር መለየት፦ በሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ፣ በአራዳና በፒያሳ ባሉ የቆዩ ሰፈሮች በዓል የጎረቤት ጭምር ነው፤ ቅርጫው፣ ቡናው፣ ዕድሩ አብሮ የኖረ ሰው ይፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በኮሪደር ልማት ስትፈርስ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ሌሎች የከተማዋ ክፍሎች ተዛውረዋል። አዲሱ ቤት የተሻለ ቢሆን እንኳ የለመዱትን ጎረቤት ማጣት እውነተኛ ሐዘን ነው። ቀርተው የጎረቤታቸውን ባዶ ቦታ የሚያዩትም ያዝናሉ።

• የገንዘብ ጫና፦ የዶሮው፣ የቅቤውና የልጆች ልብስ ወጪ እንቅልፍ ሊነሳ ይችላል።

• ርቀት፦ በውጭ አገር ለሚኖሩ ገናም እንቁጣጣሽም ብዙ ጊዜ የሥራ ቀን ነው። እዚህ ያለችው እናትም የልጇን ድምፅ በስልክ ብቻ ሰምታ ትውላለች።

ምን ማድረግ ይችላሉ?

• ስሜትዎን ለሚያምኑት አንድ ሰው ይንገሩ። «ዘንድሮ በዓሉ ከብዶኛል» ማለት ብቻውን ሸክሙን ያቀላል።

• በዓሉን እንደ አምናው ማክበር ግዴታ አይደለም። ዶሮ መሥራት ካቃተዎት ቡና ማፍላት ይበቃል። ሟችን በስሙ ማንሳትና ማልቀስም በዓል ማበላሸት አይደለም።

• ወጪውን ከበዓሉ በፊት ከቤተሰብ ጋር ይወስኑ። ለአንድ ቀን ብለው ለወራት የሚቆይ ዕዳ አይግቡ።

• ከድሮ ጎረቤቶችዎ ጋር ቀን ይቁረጡ። በበዓሉ ዕለት ባይመች በማግስቱ መገናኘት ይቻላል። ከአዲሶቹ ጎረቤቶች አንዱን ቡና ይጥሩ።

• መጠጥ ይቀንሱ። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ለጊዜው ያስረሳሉ፤ በኋላ ግን እንቅልፍን ያዛባሉ፣ ድባቴን ያብሳሉ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጡ ከሆነ ግን በድንገት ማቆም መንቀጥቀጥና የሚጥል በሽታ ዓይነት መንዘፍዘፍ ሊያመጣ ስለሚችል መጀመሪያ የጤና ባለሙያ ያማክሩ።

• መድኃኒትዎን አያቋርጡ። የሚጾሙ ከሆነ የሚወስዱበትን ሰዓት ስለመቀየር ባለሙያ ይጠይቁ። ጠበል መጠመቅና መድኃኒት መውሰድ አብረው ይሄዳሉ። እንደ ፌኖባርቢታልና ዳያዜፓም ያሉ መድኃኒቶችን ከአልኮል ጋር መውሰድ ግን ትንፋሽን ሊያዳክም ስለሚችል አደገኛ ነው።

ቤተሰብ እንዴት ይርዳ?

«እርሳው»፣ «በበዓል አይለቀስም» ማለት ሰውየውን የባሰ ብቸኛ ያደርገዋል። አጠገቡ ተቀምጠው ያዳምጡት። በግድ ወደ ግብዣ አይጎትቱት፤ ነገር ግን ሳይጠሩት አይለፉ። «ሽንኩርቱን እኔ ልክተፍ» ወይም «ነገ አብረን ወጣ እንበል» የሚል ትንሽ እርዳታ ከብዙ ምክር ይበልጣል።

የባለሙያ እርዳታ መቼ ያስፈልጋል?

የበዓል ሰሞን ሐዘን አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ውስጥ ይቀላል። የሚከተሉት ምልክቶች ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆዩ ግን ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ይታከሙ፦

• ቀኑን ሙሉ ማዘን ወይም በምንም ነገር አለመደሰት
• እንቅልፍ ማጣት ወይም ከመጠን በላይ መተኛት
• የምግብ ፍላጎት መለወጥ
• ከባድ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል
• ራስን መውቀስ፣ ተስፋ መቁረጥ

መጀመሪያ በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ መሄድ ይችላሉ። አስፈላጊ ሲሆን የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይላካሉ፤ በአዲስ አበባ አንዱ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። ድባቴ በምክክርና በመድኃኒት የሚታከም ሕመም ነው።

አስቸኳይ ሁኔታ

አንድ ሰው ስለ መሞት ከተናገረ፣ ንብረቱን ማከፋፈል ወይም መሰናበት ከጀመረ በቀጥታ «ራስህን ለማጥፋት አስበሃል?» ብለው ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ እንዲያውም ለመናገር በር ይከፍትለታል። ብቻውን አይተዉት። መድኃኒት፣ በረኪና፣ የተባይ መርዝና ስለት ከአጠገቡ ያርቁ። በዓል ቢሆንም ሳያዘገዩ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ሐሳቡ የመጣው በእርስዎ ላይ ከሆነም አሁኑኑ አጠገብዎ ላለ ሰው ይንገሩ፤ ሌሊትም ቢሆን የጎረቤትዎን በር ያንኳኩ።